አያ ያረጋልና አንቱ የሚባሉት ባትሪዎች

አያ ያረጋል መሞታቸውን የሰማሁት ከተቀበሩ ከአሥራ ሁለት ቀን በኋላ ነው። ስልክ አለኝ። ጎማ ሲፈነዳባቸው፣ ክሪክ ሲጠፋባቸው ሾፌሩ ሁሉ ቁጥሬን ያውቀዋል፤ ሰው ሲሞት ግን ይጠፋቸዋል። በመጨረሻ የደወለልኝ የደምበጫው ሾፌር ካሴ ነው፤ እሱም የደወለው መንገዱ ተከፍቷል ወይ ብሎ ሊጠይቀኝ ነበር።

«እንግዲህ ቡሬ ላይ ባትሪህን የት ልታሳድር ነው?» አለኝ በወሬ መሀል።

«የት አሳድራለሁ፣ አያ ያረጋል ዘንድ ነዋ።»

«አልሰማህም እንዴ?» አለኝ። ሰው እንዲህ ብሎ ከጀመረ ቀሪውን መስማት አያስፈልግም።

አያ ያረጋል ደግ ሰው አልነበሩም። ሰው ሲሞት ደግ ነበር ማለት የተለመደ ነው፤ እኔ አልልም። ተሳዳቢ ነበሩ። የቡሬ ዙሪያ አዊ ስለሆኑ ሲናደዱ በአዊኛ ነበር የሚወርዱብን፤ ምን እንዳሉን ስለማናውቅ ለመቀየም እንኳን አይመችም። ትርጉሙን ስንጠይቃቸው «ባትሪው ገብቶታል» ይሉን ነበር።

ቤታቸው እህል የሚጭኑ መኪኖች ተራ ይዘው የሚያድሩበት ሜዳ ዳር ነው። ሁለት ክፍል ነበረው። ሲሚንቶ ወለል ያለው የባትሪዎቹ ክፍል ነው፤ እሳቸውና ሚስታቸው የሚተኙት በአፈሩ ክፍል ነው። ሚስታቸው በዚህ ነገር ሠላሳ ዓመት ተጣልተዋቸው ሳያሸንፉ ቀርተዋል።

ለማያውቅ ሰው ልንገር። የጭነት መኪና ሁለት ባትሪ አለው፤ ሁለቱ ተጋግዘው ነው ሞተር የሚያስነሱት። መኪናው ቆሞ ሲያድር የሚሞላቸው ነገር የለም። ሾፌሩ ደግሞ ማታ ጋቢና ውስጥ ተኝቶ ሬዲዮ ይከፍታል፣ ስልኩን ይሰካል፣ ፊልም ያያል። ጠዋት በቡሬ ብርድ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አንድ ጊዜ ያቃስትና ዝም ይላል። መጋዘኑ ይከፈታል፣ ከኋላ የነበረው መኪና አልፎ ይጭናል፣ ተራው ሄደ ማለት ነው። ተራ ያመለጠው ሌላ ሦስት ቀን ሜዳው ላይ ይሰነብታል። ስለዚህ ማታ ማታ ባትሪያችንን ፈትተን፣ ተሸክመን አያ ያረጋል ዘንድ እናሳድር ነበር። መሙያቸው ከስምንት ባትሪ በላይ ስለማይችል አንድ ሌሊት እሳቸው ቤት፣ አንድ ሌሊት መኪናው ላይ ነበር የሚያድሩት።

ባትሪ ይዞ ገብቶ አስቀምጦ መውጣት ግን አልነበረም። መጀመሪያ ኑዛዜ አለ። እሳቸው በርጩማቸው ላይ ይቀመጣሉ፤ አሲድ እንደ ወንፊት የበሳሳውን ጋቢ ለብሰዋል፤ አንተ ባትሪህን አቅፈህ ትቆማለህ።

«ትናንት ማታ ምን ምን አበራህ?»

«ሬዲዮ ብቻ፣ አያ።»

«ሬዲዮ ብቻ።» በመስታወት ቧንቧ አሲዱን ሳብ አድርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያነሱታል። «ይሄ ሬዲዮህ ሥዕል አለው እንዴ?»

«ትንሽ ፊልም አይቻለሁ።»

«ስንት?»

«ሁለት። ሦስተኛውን አልጨረስኩትም።»

«ባትሪው ጨርሶታል። ነገ መኪናው ላይ ሲያድር በጨለማ ትተኛለህ። ስልክህም ይራብ።»

በጨለማ ተኛ ያሉት ሰው መብራት ቢያበራ በማግስቱ ያውቁበታል። ስለዚህ እውነቱን እንናገር ነበር። ለሚስታቸው የሚዋሹ፣ ለትራፊክ የሚዋሹ፣ ለንስሐ አባታቸው የሚዋሹ ሰዎች እዚያች ቆርቆሮ ቤት ገብተው ስንት ሰዓት ምን እንዳበሩ አንድ በአንድ ይናዘዙ ነበር።

ሌላው ነገራቸው ደግሞ ይሄ ነው። አምስት ዓመት ያለፈውን ባትሪ አንቱ ይሉታል። «ትንሽ ይጠጡ» ብለው የባትሪ ውሃ ይጨምሩለታል፤ ጆሯቸውን አስጠግተው መፍላቱን ያዳምጡና «በቃዎት፣ ይረፉ» ይሉታል። እኔን ያኔ አርባ ስምንት ዓመት የሞላኝን፣ የሦስት ልጆች አባቱን፣ «አንተ አበጀ፣ ያዝ እንጂ ምን ትገተራለህ» ነበር የሚሉኝ። አንድ ቀን ደፍሬ ለምን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «እሳቸው በዕድሜያቸው እየሠሩ ነው» አሉኝ።

አንድ ጊዜ አንድ ባለመኪና ከፍኖተ ሰላም መጣባቸው። ሾፌሩ ሌሊት ሌሊት በመኪናው ባትሪ ቴሌቪዥን ያይ እንደሆነ ይነገረኝ አለ። ሾፌሩ ያይ ነበር፤ ተናዝዟል፤ እኔም ተራ ስጠብቅ ሰምቻለሁ። አያ ያረጋል ግን «ባትሪህ ደህና ነው። ሌላውን አልነገረኝም» አሉት። ሰውዬው ተቆጥቶ ባትሪውን ሌላ ሰው ጋ ወሰደ። ከወር በኋላ ባትሪው ሲሞትበት ራሱ ተሸክሞ መጣ። እሳቸው ቀና ብለው እንኳን አላዩትም፤ «ትናንት ማታ ምን አበራህ?» ነው ያሉት።

አሁን የኔን ነገር መናገር አለብኝ፤ አለዚያ የእሳቸው አይገባም።

እኔ ያን ጊዜ ፊደል አላውቅም ነበር። መንጃ ፈቃዱን እንዴት እንዳገኘሁ ለሚጠይቀኝ መልስ የለኝም። ሚስቴን የሻረግን ሳገባ አራተኛ ክፍል ጨርሻለሁ ብያት ነበር። እሷም ስለማታነብ ውሸቱ ሃያ ዓመት ቆየ። ወረቀት ሲመጣ ተቀብዬ ራቅ አድርጌ እይዘዋለሁ፣ ዓይኔን ከላይ ወደ ታች አንከባልላለሁ፣ ከዚያ ደስ ያለኝን እናገራለሁ። አንድ ቀን ከጅጋ ወጣ ብሎ ድልድዩ ወደ ፈረሰበት መንገድ በቆሎ ጭኜ ገባሁ። መዞሪያ የለውም፤ ወደ ኋላ ስነዳ ዋልኩ። መግቢያው ላይ በቀይ «መንገዱ ዝግ ነው» ተብሎ ተጽፎ ነበር አሉ። ቆመው ሲያዩኝ ከዋሉት ገበሬዎች አንዱ «ማንበብ አትችልም እንዴ?» አለኝ። ሰው ሲናደድ እንዲያው የሚለው ነገር ነው። እኔ ግን እስከ ደምበጫ ድረስ ጆሮዬ ላይ ሲጮህ ሄደ።

የልጄን አሮጌ የአንደኛ ክፍል መጽሐፍ ከቤት ሰረቅኩ። አንዲት ትንሽ አምፖል ገዛሁ። መኪናው የሚሠራው በሁለቱ ባትሪ ጉልበት ስለሆነና አምፖሏ ያን ስለማትችል፣ ከአንዱ ባትሪ ብቻ ሽቦ ሳብኩላት። ማታ ማታ መጋረጃውን ዘግቼ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ሀ ሁ እል ነበር። ረዳት ስላልነበረኝ የሚያየኝ የለም።

የሚያየኝ የለም ብልም መብራቱን የሚያይ ነበር። ካሴ «አበጀ ጋቢና ውስጥ ሴት አለችው» ብሎ ጀመረ። «ደግሞ ዓይን አፋር ናት፣ አንድ ቀን እንኳን አትወርድም» አለ ሌላው። ሻይ ቤት ስገባ «ለእሷስ አትይዝላትም?» ይሉኝ ነበር። አላስተባበልኩም። እውነቱን ለመናገር ደስም ብሎኛል። ሴት አለችው ቢሉኝ ይሻለኛል፣ በዚህ ዕድሜው ሀ ሁ ይቆጥራል ከሚሉኝ። ሞኝ ነበርኩ፤ ወሬ ቡሬ ላይ የሚቀር መስሎኝ ነበር።

ባትሪው ግን አልቻለም። ሁለት ጊዜ መኪናው አልነሳ ብሎ ተራ አመለጠኝ። አያ ያረጋል ሁለቱን ባትሪ ጎን ለጎን አስቀምጠው አሲዱን አዩ።

«ትናንት ማታ ምን አበራህ?»

«ሬዲዮ።»

አዩኝ። «አንዱ ተርቧል፣ አንዱ ጠግቦ ፈልቷል። ከሁለት በሬ አንዱን ብቻ ማታ ማታ ለሌላ ሰው እያረስክበት ነው። ሬዲዮ እንዲህ አያርስም።»

«ሬዲዮ ነው አልኩ እኮ፣ አያ።»

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እኔ ምሳ በልቼ ስመለስ መኪናዬ ጋ ቆመው አገኘኋቸው። የባትሪውን ሳጥን ከፍተው፣ ቀጭኗን ቀይ ሽቦ በሁለት ጣታቸው ይዘው፣ እንደ ገመድ እየሰበሰቡ ጋቢና ገቡ። ሽቦዋ ፍራሹ ሥር አደረሰቻቸው። ስደርስ አልጋዬ ላይ ተቀምጠው መጽሐፉን ይገልጣሉ፤ የበግ ሥዕል ያለበት ገጽ ላይ ነበሩ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም። ሴት ቢያገኙብኝ ይሻለኝ ነበር።

መጽሐፉን ሳይዘጉ «የት ደርሰሃል?» አሉኝ።

«ቀ።»

«ከሀ እስከ ቀ ሁለት ባትሪ ከገደልክ፣ ፐ እስክትደርስ ቡሬ ከተማ በጨለማ ልታድር ነው።»

ወርደው ሄዱ። ማታ ባትሪዬን ይዤ ስገባ ከጥግ አንድ ያረጀ፣ ክዳኑ በጨርቅ የታሰረ ባትሪ ጎትተው አወጡ። «እሳቸው ጡረታ ወጥተዋል» አሉኝ። «ሞተር ማስነሳት አይችሉም፤ አምፖል ግን አያቅታቸውም። አልጋህ ሥር አስቀምጣቸው፣ ጭንቅላታቸውን እንዳትመታ። በሳምንት ሁለቴ ታመጣቸዋለህ። ያቺን ሽቦ ሁለተኛ ከመኪናው ጋር ባያት በእሷው ነው የምገርፍህ።»

ከዚያ በኋላ ጡረተኛውን ተሸክሜ በመጣሁ ቁጥር ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «የት ደረስክ?» ይሉኛል። «ነ» እላለሁ። «ቀርፋፋ» ይሉኛል። ያ ነበር ትምህርት ቤቴ። የመኪናው ባትሪዎች ዳኑ፤ ተራም አላመለጠኝም። ወሬውም እንዲሁ ደህና ነበር፤ ፋፍቶ ቤቴ ያለበት ፍኖተ ሰላም ገባ። ማን እንዳስገባው ይታወቃል፤ ካሴ ግን እስከ ዛሬ አላመነም።

የሻረግ የመጣችው በገበያ ቀን ነው፣ ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ። እኔ ጡረተኛውን ለማስሞላት ገብቻለሁ፤ ካሴና ሌሎች ሁለት ሾፌሮች ደጁ ላይ ጎማ ላይ ተቀምጠዋል። ጃንጥላዋን አጥፋ በሩ ላይ ቆመች። ለእኔ ሰላምታ አልሰጠችም።

«እንደምን አደሩ፣ አያ ያረጋል?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። ግቢና ተቀመጪ። ነጠላሽን ሰብሰብ አድርጊው፣ አሲድ ነው።»

«አልቀመጥም። አንድ ነገር ብቻ ይንገሩኝ። ይሄ ሰውዬ ማታ ማታ ከማን ጋር ነው የሚያድረው?»

አያ ያረጋል የአንድ ባትሪ ክዳን እየፈቱ ነበር። እጃቸው አልቆመም። «እኔ የማውቀው ባትሪ ነው» አሉ።

«መጋረጃ ዘግቶ፣ መብራት አብርቶ እንደሚያድር አገር ያውቃል።»

«አገር ካወቀ እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?»

«ከዚህ ፍኖተ ሰላም ስንት ነው? ቤቱ መጥቶ ቢያድር ምን ይነካው ነበር?»

«ተራ ይዤ ነው» አልኩ።

«አንተን አላናገርኩም።» ከነጠላዋ ጫፍ ፈትታ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። «ነገ ጠዋት ይሄን የፍቺ ማመልከቻ ፍርድ ቤት አስገባለሁ። ራፖር ጸሐፊው ጨርሶልኛል። ዛሬ የመጣሁት እግዜር እንዳይፈርድብኝ ብዬ ነው። እርስዎ ደግሞ ሰው ሁሉ የሚናዘዝልዎ ነዎት ይላሉ። እውነቱን ይንገሩኝና በሰላም ልሂድ።»

አያ ያረጋልን አየኋቸው። አንድ ቃል ብቻ ቢተነፍሱ ያልቅ ነበር። «ይንገሯት እንጂ፣ አያ» አልኩ።

«ምኑን?»

«የሚያውቁትን።»

«የአንተን ኑዛዜ እኔ ልናዘዝልህ?» አሉኝና ወደ ባትሪው ዞሩ። «ትንሽ ይጠጡ፣ ደርቀዋል።»

በዚያች ደቂቃ የጠላኋቸውን ያህል ሰው ጠልቼ አላውቅም። ዝም ካልኩ ሚስቴ ትሄዳለች። ከተናገርኩ ሃያ ዓመት የዋሸኋት፣ ካሴ ፊት፣ ሜዳው ሁሉ እየሰማ ይወጣል። የሻረግ ጃንጥላዋን ብድግ አደረገች።

«ፊደል እየተማርኩ ነው» አልኩ።

ካሴ ሳቀ። የሻረግ አልሳቀችም። «አራተኛ ክፍል ጨርሻለሁ አላልከኝም?»

«ዋሽቼሽ ነው።»

«ያኔ ነው አሁን?»

«ያኔ።»

«በምን ልወቅ?» አለችና ትንሽ አሰበች። ከዚያ ወረቀቱን ዘርግታ ሰጠችኝ። «አንብበው። እኔም ምን እንደሚል አጥርቼ አላውቅም።»

አነበብኩት። ጭነት ሲገለበጥብኝም እንዲያ አላላበኝም። «አ… መ… ል… ካ… ች… ወ… ይ… ዘ… ሮ…» ስል ካሴ መሳቁን ተወ። ቀስ እያለ ሰዉ በሩ ላይ ተሰበሰበ።

«ተ… ጠ… ሪ… ተጠሪ እኔ ነኝ?»

«አንተ ነህ፣ ቀጥል» አሉ አያ ያረጋል፣ ጀርባቸውን እንደሰጡኝ።

«ተጠሪ የመ… ጠ… ጥ ሱ… ሰ… ኛ በመሆኑ…» ቀና አልኩ። «የሻረግ፣ እኔ መጠጥ ከተውኩ ስንት ዓመቴ ነው?»

መሬት መሬት አየች። «ጸሐፊው ነው የጨመረው። ለሁሉም ይገባል፣ ያለሱ አያምርም አለኝ።»

«ከል… ዩ ል… ዩ… ጋር እየተኛ…»

«ዘለልክ» አሉ አያ ያረጋል።

«አልዘለልኩም።»

«ከልዩ ልዩ ምን ጋር? ከበቆሎ ጋር ነው የምትተኛው? ተመልሰህ አንብብ።»

ተመለስኩ። «ከልዩ ልዩ… ሴ… ቶ… ች ጋር» አልኩ፣ በገዛ ሚስቴ ፊት፣ ስለ ራሴ።

ይሄኔ ውጭ መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ ተራዬ ደርሶ ነበር። ወረቀቱን ላስቀምጥ ስል የሻረግ «ጨርስ» አለች። አያ ያረጋል ለካሴ «ሂድና መኪናውን አስጠጋለት» አሉት። ካሴ እየተነጫነጨ ተነሳ። «ሳልመለስ እንዳትጨርስ» አለኝ። ሞተሬ በአንድ ቁልፍ ሲነሳ ከቤት ውስጥ ሆኜ ሰማሁት።

ካሴ ተመልሶ ተቀምጦ እንኳን አልጨረስኩም ነበር። «…ጋብቻችን በፍቺ እንዲፈርስልኝ አመለክታለሁ» ያልኩት ፀሐይዋ ከደጁ ወደ ውስጥ ከገባች በኋላ ነው።

የሻረግ ወረቀቱን ከእጄ ወሰደች። «ታዲያ የቀበሌውን ወረቀት ስታነብልኝ የነበረውስ?»

«ከሆዴ ነው።»

«አጥሩን አውጥታችሁ እጠሩ፣ ተፈቅዷል ይላል ያልከኝስ?»

«በጣም ስላማረሽ ነው።»

«አፍርሱ ብለው የመጡት ለዚያ ነዋ» አለች። ካሴ ጎማው ላይ በሳቅ ተንፈራፈረ። ወደ አያ ያረጋል ዞረች። «እርስዎ ግን እያወቁ፣ ትዳሬ ሲፈርስ ዝም አሉ?»

«ዛሬ ለእሱ ብዬ አፌን ከከፈትኩ ነገ በእሱ ላይም እከፍተዋለሁ። ከዚያ ማን ባትሪውን ያመጣልኛል?» በርጩማቸውን ለቀው በእጃቸው ጠረጉላትና አቀረቡላት። ተቀመጠች። ከዚያ እኛን እንደሚጠይቁን አድርገው «አንቺስ ትናንት ማታ ምን አበራሽ?» አሏት።

የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። «ምንም» አለች። «በጨለማ ነው የተቀመጥኩት። ለማን ብዬ ላብራ።»

አያ ያረጋል በአዊኛ አንድ ነገር አሉ። ለእኔ እንደሆነ ያኔም ገብቶኛል።

የዚያን ዕለት ጭኜ የሻረግን ጋቢና አስቀምጬ ፍኖተ ሰላም አደርኩ። መንገድ ላይ ወረቀቱን ቅደጂው አልኳት። «ለምን እቀደዋለሁ? ሌላ ጊዜ ካስፈለገ የሚቀየረው ቀኑ ብቻ ነው» አለችኝ። ሳጥን ውስጥ አስቀመጠችው።

ካሴ ከደወለልኝ በኋላ ባለፈው ሳምንት ቡሬ ገባሁ። ቤቱን አንድ ሰውዬ ተከራይቶታል። መሙያው አዲስ ነው፣ ቁጥር ያወጣል፣ ሲሞላ አረንጓዴ ይበራል። ባትሪዬን አስቀመጥኩና ቆምኩ። «ምን ፈለግህ?» አለኝ። ትናንት ማታ ምን እንዳበራሁ ልነግረው አፌን ከፍቼ ነበር። «ምንም» ብዬ ወጣሁ። ቤተ ክርስቲያን ሄጄ መቃብራቸውን አየሁት፤ ገና ድንጋይ አልተደረገበትም።

ቤት ስገባ ለየሻረግ ነገርኳት። አላለቀሰችም፤ እሷም እንደ እኔ ናት። ሳጥኑን ከፍታ ስትፈትሽ ቆየችና ያን ወረቀት አምጥታ ሰጠችኝ።

«አንብብልኝ» አለች።

መነጽሬን አድርጌ ከ«አመልካች» ጀምሬ አንድ ጊዜ ሳልቆም፣ እንደ ፍርድ ቤት ሰው አንበለበልኩት። ገና ግማሽ ሳልደርስ እጄን ያዘችኝ።

«እንደዚህ አይደለም» አለች። «እንደዚያ ቀን አንብበው።»

«አ… መ… ል…» ብዬ እንደ አዲስ ጀመርኩ። ማስመሰል አላስፈለገኝም።